የዓርብ ማታ ገበታ



በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ ሕይወት ስንማማር ልማዳችን ከቅዱስ መጽሐፍ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሰነዶች መነሣት ነው። ዛሬ ግን የምንነሣው ከአንድ የቴሌቪዥን ቀልድ ነው። ይህ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ስለሚችል ምክንያታችንን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለካተኪስቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለ ቤተሰብ ማዕድ አስተምረን ነበር። የቅድስት ቤተሰብን ሥዕል በግድግዳው ላይ ሰቅለን፣ ማርያምና ዮሴፍ ከሕፃኑ ኢየሱስ ጋር በጸጥታ ተቀምጠው ኅብስት ሲቆርሱ እያሳየን፣ «ቤታችሁ እንዲህ ይሁን» አልን። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ የአራት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ካተኪስት ወደ እኛ ቀርባ፣ «አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እንዲህ ያለ ቤት ያለው ማን ነው? በእኛ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ጠቡም አብሮ ይቀርባል። አንዱ የገንዘብ ነገር ያነሣል፣ ሌላው ያኮርፋል፣ ትንሹ ውሃ ይደፋል። ስለዚህ ትተነዋል። አሁን ሁሉም ሲርበው ድስቱን ከፍቶ ይበላል፤ ቢያንስ ሰላም አለ» አለችን። የሰጠናት መልስ ደካማ ነበር። «በርትታችሁ ጸልዩ» አልናት። እርሷም በአክብሮት እጅ ነሥታ ሄደች፤ መልሳችን እንዳላረካት ግን ከፊቷ ዐወቅን።

የተሻለ መልስ ፍንጭ ያገኘነው ካላሰብነው ስፍራ ነው። በለንደን የሚኖር አንድ ዘመዳችን ለዕረፍት በመጣ ጊዜ፣ በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነው ብሎ አንድ ተከታታይ ድራማ አሳየን። ስሙ «ፍራይዴይ ናይት ዲነር» ይባላል፤ «የዓርብ ማታ እራት» ማለት ነው። በእንግሊዝ ቻናል ፎር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2011 ሲሆን፣ እስከ ሜይ 1 ቀን 2020 ድረስ በስድስት ምዕራፎች 37 ክፍሎች ቀርበዋል። እንግሊዞች ሲትኮም ከሚሉት ወገን ነው፤ ይኸውም በአንድ ቤትና በጥቂት ሰዎች ዙሪያ የሚሽከረከር አጭር የቀልድ ድራማ ማለት ነው። ደራሲው ሮበርት ፖፐር ሲሆን፣ ያደገበትን አይሁዳዊ ቤተሰብና በዚያ ቤት የነበረውን የዓርብ ማታ እራት መነሻ አድርጎ ጻፈው። በአሜሪካም በስም ተለውጦ፣ «ዲነር ዊዝ ዘ ፓረንትስ» ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ ምዕራፍ ቀርቧል፤ እኛ የምንናገረው ግን ስለ እንግሊዙ ነው።

ታሪኩ እጅግ ቀላል ነው። በሰሜን ለንደን የሚኖሩ ጉድማን የተባሉ ባልና ሚስት፣ ማርቲንና ጃኪ፣ ሁለት ያደጉ ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትልቁ አዳም፣ ታናሹ ጆኒ ይባላል። ሁለቱም ከቤት ወጥተው የየራሳቸውን ኑሮ ይኖራሉ፤ አዳም ለማስታወቂያ የሚሆን ዜማ ይደርሳል፣ ጆኒ ቤት በማሻሻጥ ሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ዓርብ ማታ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ወደ ወላጆቻቸው ቤት ለእራት ይመጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል ከአንድ ዓርብ ማታ አይወጣም፤ በሩ ይንኳኳል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ ገበታው ይዘረጋል፣ ከዚያም ሁሉ ነገር ይፈርሳል።

እንዴት እንደሚፈርስ ጥቂት እንናገር። ወንድማማቾቹ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሆነው ሳለ፣ የወላጆቻቸውን ደፍ በረገጡ ቅጽበት የአሥር ዓመት ልጆች ይሆናሉ። አንዱ በሌላው ውሃ ውስጥ ጨው ይጨምራል፤ ይሰዳደባሉ፤ ይገፋፋሉ። አባትየው ማርቲን ጆሮው ስለማይሰማ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል፤ ቤቱ ሞቀኝ እያለ ሸሚዙን አውልቆ ራቁት ደረቱን ይቀመጣል፤ ምግብ ለምን ይባክናል ብሎ ከቆሻሻ ቅርጫት አንሥቶ ይበላል። ልጆቹን ባየ ቁጥር ሴት ጓደኛ አግኝታችሁ እንደሆነ በማያምር አነጋገር ይጠይቃል። እናትየው ጃኪ ቤቱን ለማስተካከል ስትሮጥ ታመሻለች፤ ሆኖም እርሷም ብትሆን ልቧ በቴሌቪዥን ከሚተላለፈው የምግብ አብሳዮች ውድድር ላይ ነው። የሌሎችን ምግብ ለማየት የራሷ እራት ቶሎ እንዲያልቅ የምትቸኩል እናት! ደራሲው በዚህ ነገር ብዙ አልሰበከም፤ እኛም አንሰብክበትም።

ከሁሉ የታወቀው የማርቲን ቀልድ ስለ ዶሮው ነው። ሚስቱ በትጋት የጠበሰችውን ሲቀምስ፣ ግሩም የሽኮኮ ሥጋ ነው ይላል። እንግሊዞች የሚሉት በዛፍ ላይ የሚወጣውን ረዥም ጅራት እንስሳ ነው፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ግን ሽኮኮ ሲባል ወዲያውኑ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ያስታውሳል፤ በዚያ የሽኮኮ ስም ርኩስ ከተባሉት እንስሳት ጋር ተቆጥሯልና። በሰንበት ዋዜማ፣ በአይሁዳዊ ቤት፣ በማዕድ ላይ የማይበላውን እንስሳ ስም እየጠሩ ምግብ ማመስገን፤ ቀልዱ በእኛ ቋንቋ እንዲያውም ይጠነክራል።

የሰንበት ዋዜማ ስንል የዓርብ ማታ ለአይሁድ ቤት ምን እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት የቤቱ እመቤት መብራት ታበራለች። አባት በወይን ጽዋ ላይ የቡራኬ ጸሎት ያደርሳል፤ ይህም «ቂዱሽ» ይባላል፤ «ቅዳሴ» ከምንለው የግእዝ ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። በገበታው ላይ ሁለት ኅብስቶች ይቀመጣሉ፤ በምድረ በዳ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሆኖ ይሰበሰብ ለነበረው መና መታሰቢያ ነው (ዘጸ. 16፥22)። ወላጆች እጃቸውን በልጆቻቸው ራስ ላይ ጭነው፣ ወንዶቹን እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ያድርጋችሁ ብለው ይባርካሉ (ዘፍ. 48፥20)። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤልም ለሰንበት ዳቦ ጋግረው፣ በቄሱ አስባርከው ይበሉ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ ዛሬም በእስራኤል ይህን ልማድ የጠበቁ ቤተሰቦች ይገኛሉ። ጌታችንም ያደገው ሰንበትን በሚያከብር ቤት ነው።

በጉድማኖች ቤት ግን ከዚህ ሁሉ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። መብራቱም፣ ቡራኬውም፣ ጸሎቱም የታሪኩ መካከል አይደሉም። የቀረው ሰዓቱ ነው፤ ዓርብ ማታ፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ገበታ። ይህን ሲያዩ አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ «ነፍስ የሌለው ቅርፊት ነው» ሊሉ ይችላሉ። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ አስበን ነበር። ነገር ግን በቁምስናችን ስንት ቤተሰብ አለ፣ ጸሎቱን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ በአንድነት የማይቀመጥ! ጸሎት ያለ ሰዓት፣ ሰዓት ያለ ጸሎት፤ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ሰዓቱን የጠበቀ ቤት ግን ቢያንስ ጸሎት ሊመለስ ቢፈልግ የሚገባበት በር አለው።

በዚህ ድራማ ውስጥ ይህን ሁሉ በትክክል የሚመለከት አንድ ሰው አለ፤ ጎረቤታቸው ጂም ነው። ጂም አይሁዳዊ አይደለም፤ ብቸኛ ሰው ነው። ዊልሰን የሚባል ትልቅ ውሻ አለው፤ የገዛ ውሻውንም ይፈራል። በየሳምንቱ ምክንያት ፈልጎ በሩን ያንኳኳል፤ ሲከፈትለትም «ሻሎም» ብሎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ስለ ልማዳቸውና ስለ ሃይማኖታቸው ይጠይቃል፤ ያላወቀውን እንዳወቀ ሆኖ ይናገራል። ቤተሰቡ ሁልጊዜ የሚያስበው እንዴት አድርገን እንመልሰው ብሎ ነው። ለጃኪ ያለው ድብቅ ፍቅር ነገሩን የበለጠ አስቂኝ፣ እኛ እንደምናየው ደግሞ የበለጠ አሳዛኝ ያደርገዋል። ተመልካቹ በጂም ይስቃል። እኛ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ባየነው ጊዜ ሣቃችን ቀነሰ። ይህ ሰው በደጅ ቆሞ የሚያየው ገበታ ጩኸትና ስድብ የሞላበት ነው፤ ቢሆንም ሊገባበት ይመኛል። ለካተኪስቷ ልንመልስላት ከሚገባን ነገር አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በውስጥ ላለ ሰው ትርምስ የሚመስለው፣ ብቻውን ለሚበላ ሰው ሀብት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህን ድራማ ደጋግመን ስናይ የተረዳነው፣ በየሳምንቱ ገበታውን የሚያፈርሰው ጨዉም ስድቡም አለመሆኑን ነው። ወንድማማቾቹ ሲሰዳደቡ እራቱ ይቀጥላል። ገበታው የሚፈርሰው አባትየው ልጆቹን ወደ ጎን ወስዶ፣ «ለእናታችሁ አትንገሩ» ሲላቸው ነው። ሚስቱ አስወግድ ያለችውን የቆዩ የሳይንስ መጽሔቶች ክምር አላስወግድም ብሎ ይደብቃል። በአንድ ክፍል የሞተ ቀበሮ አምጥቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይሸሽጋል። ልጆቹም ሳይወዱ በምስጢሩ ይታሰራሉ፤ አንዱን ውሸት ለመጠበቅ ሌላ ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉ ነገር በገበታው ላይ ይዘረገፋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገራችን ሰው፤ በጉድማኖች ቤት ምሳሌው ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ዶሮው ይቀርባል፣ ሁሉም ሆዱ የሚያውቀውን ይዞ ይቀመጣል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር አንድ ክቡር ቃል አለን፤ ገበና። የቤት ገበና በአደባባይ አይሰጣም። ይህ መልካም ትምህርት ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍም ይመሰክርለታል። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ በድንኳኑ ራቁቱን በተኛ ጊዜ፣ ልጁ ካም አየ፣ ወጥቶም ለወንድሞቹ ነገረ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላቸው እየሄዱ የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ፤ ፊታቸውንም አላዞሩም (ዘፍ. 9፥20-23)። ማርቲን ሸሚዙን አውልቆ በተቀመጠ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል። እንግዳ በር ላይ ሲቆም ጃኪ «ሸሚዝህን ልበስ» የምትለው በባሏ ስላፈረች ብቻ አይመስለንም፤ ሌላ ሰው እንዲስቅበት አትፈልግም። እርሷ ራሷ ግን ስንት ዓመት ስታየው ኖራለች፤ አላባረረችውም፤ ነገም ዶሮ ትጠብስለታለች።

ይሁን እንጂ ገበናን መሸፈንና እውነትን መደበቅ አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት ካላስተማርን ትምህርታችን ይጎዳል። ሴምና ያፌት የሸፈኑት አባታቸውን ከሚያላግጥ ዓይን ነው፤ ማወቅ ከሚገባው ሰው የደበቁት ነገር የለም። ማርቲን ግን የሚደብቀው ከሚስቱ ነው፤ ከማንም በፊት ማወቅ ከሚገባት ሰው። መሸፈን የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ መደበቅ ግን አንዱን የቤት ሰው በራሱ ቤት እንግዳ ያደርገዋል። ከዚያም የከፋው፣ ልጅን ተባባሪ ማድረግ ነው።

ይህን ስንል በቀልድ ብቻ የምናወራ እንዳይመስላችሁ። ከኑዛዜ ውጪ የተነገረንና ለትምህርት እንድንጠቀምበት ባለቤቱ የፈቀደልንን አንድ ነገር እንናገር። አንድ አባት የእቁብ ዕጣ ደርሶት፣ ገንዘቡን ለሚስቱ ሳይነግር ለአንድ ወዳጁ አበደረው፤ ገንዘቡም ሳይመለስ ቀረ። ይህን የሚያውቀው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ብቻ ነበር፤ «ለእናትህ እንዳትነግር» ተብሏል። ልጁ ቀስ በቀስ ከቤተሰቡ ጋር መብላት አቆመ። እናት ልጄ ታመመ ብላ ወደ ሐኪም ወሰደችው፤ ጸበልም አስረጨችው። ልጁ አልታመመም ነበር፤ የእናቱን ዓይን እያየ መጉረስ አቅቶት ነበር። አባትየው ይህን በገባው ጊዜ አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ሁሉንም ተናገረ። በዚያ ምሽት በዚያ ቤት ጩኸት እንደነበር ነግሮናል፤ እራቱም ሳይበላ ተነሣ። ልጁ ግን በማግሥቱ ከእነርሱ ጋር ቁርሱን በላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንፈልግም። በድራማው ውስጥ ሚስተር ሞሪስ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ የጃኪን እናት ሊያገባ የሚፈልግ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ፣ የሚጮህና የሚያስፈራራ ሰው ነው። ደራሲው በእርሱም ያስቃል፤ ነገር ግን በማርቲን እንደምንስቅ በእርሱ መሳቅ አልቻልንም። ማርቲን የሚያሳፍር ሰው ነው፤ ሞሪስ የሚያስፈራ ሰው ነው። ገበና የሚባለው የመጀመሪያው ነው እንጂ ሁለተኛው አይደለም። በቤቷ የምትደበደብ ሴት፣ ወይም በፍርሃት የሚያድግ ሕፃን ባለበት ቤት «የቤት ገበና ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት ግፍን መሸፈን ነው። ካተኪስቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሕፃናቱ አንደበት ከሰማችሁ፣ «ተዉ፣ ገበታ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ» በሚል ምክር እንዳታልፉት አደራ እንላለን።

እንግዲህ በቅድስት ቤተሰብ ሥዕል ወደ ተጀመረው ትምህርታችን እንመለስ። ስህተታችን ሥዕሉን ማሳየታችን አልነበረም፤ ሥዕሉን ብቻ ማሳየታችን ነበር። ወንጌልን ብንገልጥ ጸጥታ የሰፈነበት ገበታ ማግኘት ያስቸግራል። በቢታንያ ቤት ማርታ ሥራ በዝቶባት በእህቷ ላይ ለእንግዳው ራሱ ትከሳለች (ሉቃ. 10፥38-42)። በፈሪሳዊው ስምዖን ቤት ያልተጠራች ሴት ገብታ ታለቅሳለች፤ ባለቤቱም በልቡ ያጉረመርማል (ሉቃ. 7፥36-50)። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ተቆጥቶ አልገባም አለ፤ አባትም ግብዣውን ትቶ ወደ ደጅ ወጣ (ሉቃ. 15፥28)። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የመጨረሻው እራት ነው። ቅዱስ ሉቃስ እንደጻፈው፣ ጌታ ኅብስቱንና ጽዋውን ከሰጣቸው በኋላ፣ በዚያው ገበታ ላይ፣ ደቀ መዛሙርቱ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ መከራከር ጀመሩ (ሉቃ. 22፥24)። የመጀመሪያው ቁርባን በተቀበሉበት አፍ! ጌታም ገበታውን አላነሣም። በቆሮንቶስ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ የተቆጣው ሰዎቹ ስለተጨቃጨቁ ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ሳይጠብቁ እያንዳንዱ የራሱን እራት አስቀድሞ ስለ በላ ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። ድስቱን በየሰዓቱ እየከፈቱ መብላት ለካስ የቆየ ነው።

በልጅነታችን የነበረውን የአገራችንን ልማድ እንደ ፍጹም አድርገን ማቅረብም አንፈልግም። በብዙ ቤት ልጆች አባት በልቶ እስኪነሣ ድረስ ቆመው መብራት ይይዙ፣ ውሃ ያስታጥቡ ነበር፤ ከዚያም የተረፈውን ይበሉ ነበር። በማዕድ ላይ ልጅ አይናገርም። ሥርዓት ነበረ፤ አክብሮትም ነበረ፤ ነገር ግን አባት ልጁ ምን እንደሚያስብ ሳያውቅ ሃያ ዓመት የሚያልፍበት ቤት እናውቃለን። ጉርሻ ግን ነበረ። በእጅ ጠቅልሎ በሌላው አፍ ማኖር ቃል ለማያወጡ ሰዎች ትልቅ ንግግር ነበር። ይህ እንዳይጠፋ ብንጠነቀቅ መልካም ነው።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2015 ረቡዕ ዕለት በሰጡት ትምህርተ ክርስቶስ ስለዚህ ነገር በሰፊው ተናግረው ነበር። አብሮ መመገብ የቤተሰብ ጤንነት የሚለካበት መሣሪያ እንደሆነና፣ በቤት ውስጥ የተሰወረ ቁስል ካለ በገበታ ላይ ወዲያውኑ እንደሚታወቅ አስተማሩ፤ በማዕድ ላይ ሳይነጋገሩ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚመለከቱትንም ወቀሱ። መሣሪያው ትኩሳቱን ቢያሳይ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ካተኪስቷ ሰላም አገኘን ያለችው መሣሪያውን በመደርደሪያ ላይ በማስቀመጧ ነበር። ስለ ስልኩ ግን አንድ ሐሳብ አለን። በቁምስናችን አንዲት እናት እሑድ ምሳ ላይ ስልኳን ከመሶቡ አጠገብ ታቆማለች፤ ልጇ ኩዌት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሲሆን፣ ዕረፍት ባገኘች ጊዜ በዚያ ሰዓት ትደውላለች፤ ሲበሉ እያየች ታወራለች፣ ከወንድሟም ጋር ትጣላለች። ይህን ስልክ አንሡት የምንል አንሆንም።

ማርቲንን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ፖል ሪተር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021፣ በ54 ዓመቱ፣ በአንጎል ዕጢ ሕመም ዐረፈ። አያትየዋን ሆነው የተጫወቱት ፍራንሲስ ኩካም ከእርሱ ቀደም ብለው በ2020 ዐርፈዋል። ስለዚህ ያ ገበታ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ዳግመኛ አይዘረጋም። ይህን ካወቅን በኋላ አንዳንዶቹን ክፍሎች መልሰን ስናይ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሌላ መልክ ያዘብን።

ለመምህራን ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት እንበል። ድራማው ለሕፃናት የሚሆን አይደለም፤ የወንድማማቾቹ ስድብ በእንግሊዝኛም ቢሆን ጸያፍ ነው፤ አንዳንዱም ቀልድ ለአዋቂ ብቻ የታሰበ ነው። ስለዚህ ለወጣቶችና ለወላጆች ብታሳዩት እንኳ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ተመልከቱት፤ ለሕፃናት ታሪኩን በቃል መንገር ይበቃል። ጉባኤው ሲሰበሰብ እያንዳንዱ በወረቀት ላይ የቤቱን ገበታ ይሣል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የማን ቦታ ባዶ እንደሆነ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ጂም ማን እንደሆነ ይጻፍ። በዚያ ገበታ ላይ የማይነሣው ነገር ምን እንደሆነ ግን በወረቀት አታስጽፉ፤ እያንዳንዱ በልቡ ይያዘው። ወረቀቱንም አትሰብስቡ። እኛ አንድ ጊዜ ሰብስበን ተጸጽተናል።

ያችን ካተኪስት እንደገና ባገኘናት ጊዜ ይህን ሁሉ ነገርናትና፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ዓርብ ማታ፣ ቢጣሉም አብረው እንዲበሉ ለመንናት። ሣቀች። «አባ፣ ዓርብ እኮ ጾም ነው፤ በሽሮ ደግሞ ማን ይታረቃል? እሑድ ይሁንልን» አለች። እሑድ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ ትንሹ ውሃ ደፋ፤ ስለ ገንዘብም ተነሣ። በሁለተኛው ትልቁ ልጅ ተቆጥቶ ከገበታ ተነሥቶ ወጣ። በሦስተኛው መጥቶ ተቀመጠ፤ ማንንም ሳያናግር በላ፤ ሲጨርስ ግን አልተነሣም፤ እናቱ ቡና እስክታፈላ ድረስ እዚያው ቆየ።